ሁለት ሚሊሜትር ክሪስታል

የአይጥ አንጎል ርዝመቱ ከ1 ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ለሰው በተሠራ የፔት ስካነር፣ ማለትም ከሰውነት የሚወጣ ጋማ ጨረር ለቅሞ ምስል በሚሠራ መሣሪያ፣ ቢታይ ጭጋግ ነው። በ1990ዎቹ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳይመን ቼሪና ባልደረቦቹ ለትንንሽ እንስሳት የሠሩት ማይክሮፔት የተባለ ስካነር የሚደነቀው ለዚህ ነው። ጋማ ጨረር ሲመታው ብልጭ የሚለውን ኤልኤስኦ የተባለ ክሪስታል ጎንና ጎኑ 2፣ ርዝመቱ 10 ሚሊሜትር አድርገው ቆረጡት። 8 በ8 ደረደሩት። የእያንዳንዱን ብልጭታ በየራሱ ኦፕቲካል ፋይበር ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ወደሚቀይር ፎቶመልቲፕላየር ቱቦ ላኩት። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል! የምስሉ ጥራትም ወደ 2 ሚሊሜትር ገደማ ደረሰ፤ ያችኑ አይጥ ሳይገድሉ ደጋግሞ ማየት ትርጉም አገኘ።

ቀጭን ክሪስታል ግን ጣጣ አያጣውም፦ በሰያፍ የገባ ጋማ ጨረር አንዱን አልፎ ጎረቤቱ ውስጥ ይበራል። ለዚህም ብልጭታው በምን ጥልቀት እንደተፈጠረ ለማወቅ በክሪስታሉ ሁለት ጫፎች ላይ ዳሳሽ የሚገጥሙ አሉ።