አሮጌ ስልክ፣ ሊኑክስና ባሕረ ሐሳብ

በእጅ የሚያዝ የሊኑክስ መሣሪያ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ሆኖም ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሙሉ ሥርዓት የተሸከመ ዕቃ ነው። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ አሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ኖኪያ 770፣ በ2009 የወጣው ኖኪያ ኤን900፣ 32 ሜጋባይት ራም ብቻ የነበረው ቤን ናኖኖት፣ ኋላም ፓይንፎን በዚህ ሥራ የተጠመዱ ሰዎች ስማቸውን በፍቅር የሚያነሡላቸው ናቸው። ከነቀምቴ በስተሰሜን በአንገር ወንዝ ሸለቆ ባለችው አንገር ጉቲን ግን እነዚህን ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። በእጅ ያለው መስተዋቱ የተሰነጠቀ፣ ባለቤቱ ሌላ ገዝቶ የተወው አንድሮይድ ስልክ ነው። አንድሮይድ የቆመው ከርነል በሚባለው በሊኑክስ እምብርት ላይ ስለሆነ ይኸው ስልክ ለጀማሪ ይበቃል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በ2012 እ.ኤ.አ. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ አልመደበላቸውም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው ልጆቹ በ5 ወር ውስጥ የአንድሮይዱን ቅንብር ጥሰው ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የልጆቹን ብልኅነት ለማሳየት ነው። ለባለሙያ ግን ሌላው ወገኑ ይበልጣል፤ መሣሪያው ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ነበር፣ ቢነካኩት የሚቆጣቸው አልነበረም፣ የአጠቃቀማቸውም መረጃ የሚሰበሰበው በየሳምንቱ ሚሞሪ ካርዱን በሚቀይር ሰው ነበር። ኢንተርኔት ሳይኖር ሊሠራ የሚችለው ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ሥራው የሚጀመረው ቴርሙክስ የተባለውን ፕሮግራም በመጫን ነው። አንድሮይድ 7ና ከዚያ በላይ ባለው ስልክ ላይ ይሠራል፤ የሊኑክስን ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ያመጣል፤ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም በላዩ ይጫናል። ስልኩን ሩት ማድረግም (የተቆለፈውን ሙሉ ሥልጣን መክፈት) ሆነ ፍላሽ ማድረግ (ሥርዓቱን እንደ አዲስ መጫን) አይጠይቅም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ወጣት ሞባይል ጥገና ቤት እንዳየው ከፍላሽ ይጀምርና ስልኩ ዳግመኛ አልነሣ ይለዋል፤ ስልኩም ፍላጎቱም በአንድ ቀን ያልቃሉ። ፍላሽ ማድረግ የኋላ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ዘመን ሁለት ልማድ ይበቃል፤ ከመለወጥ በፊት ፋይሉን ወደ ሚሞሪ ካርድ መገልበጥ፣ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን በደብተር መጻፍ። ሁለት ነገር በአንዴ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳበላሸበት ማወቂያ የለውም። ያበጠ ባትሪ ካለ ደግሞ ምንም ከመደረጉ በፊት ይቀየር።

የሚያስፈልገው ሁሉ ኔትወርክ ባለበት ቀን ይወርዳል፤ ፓይተን ከነመመሪያው፣ መዝገበ ቃላት፣ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስም ጭምር። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 ድረስ በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት፣ በብዙ ቦታም ስልክ ጭምር ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን ምክር ማብራሪያ አይሻበትም።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው ከፊደል ጋር ይተዋወቃል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ለፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ፣ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» ለአንባቢ 3 ፊደል ነው፤ ባይት ለሚቆጥር ፕሮግራም ግን 9 ነው። ፋይልን በባይት ልክ የሚቆርጥ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ፊደሉን መሀሉ ላይ ይሰነጥቀዋል፣ በቦታውም የጥያቄ ምልክት ይታያል። ሌላው ችግር ስፋት ነው። የትእዛዝ መስኮት ሁሉንም ፊደል በእኩል ጠባብ ቦታ ስለሚያስቀምጥ ሰፋፊዎቹ «ጨ» እና «ጪ» ከጎረቤታቸው ጋር ይጋፋሉ። ይህን ችግር ቀድመው የተጋፈጡ ሰዎች አሉ፤ ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ዝርያ ውስጥ ለጥቁሩ መስኮት የተዘጋጀ ጎሐ የተባለ የፊደል ቅርጽ ይገኛል። ኢማክስ በተባለው ጽሑፍ ማረሚያ ደግሞ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ባበጁት በሴራ የአጻጻፍ ሥርዓት አማርኛ መተየብ ይቻላል።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ሥራ የቀን መቁጠሪያ ነው። ሊኑክስ አማርኛ ለሚናገር አገር የተዘጋጀ ቅንብር አለው፤ ነገር ግን ቀኑን ሲጠየቅ ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ እያለ በፊደል ይጽፋል። ቋንቋው ተቀይሯል፣ ዘመኑ ግን የፈረንጅ እንደሆነ ቀርቷል። መስከረምን ማምጣት ለተጠቃሚው የተተወ ሥራ ነው።

ስሌቱ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ቆጠራ፣ ባሕረ ሐሳብን ለተማረ ሰው አዲስ አይሆንም። ዘመኑ ለ4 ሲካፈል 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። በሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። ዓመተ ዓለሙ የሚገኘው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ነው፤ 5500 ግን ያለ ቀሪ ለ4 ስለሚካፈል ሳይደምሩት በዓመተ ምሕረቱ ብቻ መሥራት ይቻላል። በኮምፒውተር ቋንቋ ይህ ቀሪን የሚሰጥ አንድ ምልክት ነው፤ የደብተራው ስሌትና የፕሮግራመሩ ስሌት አንድ ናቸው።

ቀኑን ከአንድ መነሻ ጀምሮ ወደሚቆጠር ተከታታይ ቁጥር ለመለወጥ ከዓመቱ 1 ተቀንሶ በ365 ይባዛል። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚደርሰው ሙሉ ቁጥር ይደመርበታል፤ ያለፉት ወራት በ30 ተባዝተው፣ ከወሩ ያለፉት ቀናትም ተጨምረው፣ በመጨረሻ 1724221 ይታከላል። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በዚህ መንገድ 2454356 ይሆናል። ያው ቀን በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው፤ ፓይተን ለእርሱ የሚሰጠው የቀን ቁጥር 732931 ነው፤ የሁለቱ ቆጠራዎች የመነሻ ልዩነት የሆነው 1721425 ቢደመርበት ያው 2454356 ይመጣል። ሁለቱ ሲገጥሙ ጀማሪው ሥራው ትክክል መሆኑን ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል። በሩቅ ያለ ሰው ከዚህ የተሻለ መምህር አያገኝም፤ ስለዚህ ሌላውም ሥራ ሲመረጥ መልሱ በራሱ ሊፈተሽ የሚችለው ይቅደም።

ሰዓቱ ከቀኑ ይቀላል፤ በ24 ሰዓት ቆጠራ ያለው ላይ 6 ተደምሮ ለ12 ሲካፈል የሚተርፈው ነው፣ ምንም ካልተረፈ 12። ጠዋት 7 ያለው 1 ሰዓት ይሆናል። አንድ ነገር ግን ውሳኔ ይፈልጋል። መሣሪያው ቀኑን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ ሰዓታችን ግን አዲስ ቆጠራ የሚጀምረው ሲነጋ ነው። «ሌሊት 8 ሰዓት» የትላንት ነው ወይስ የዛሬ? ሂሳብ ይህን አይፈታም። የፕሮግራሙ ጸሐፊ አንዱን መርጦ ምርጫውን በስክሪፕቱ ራስ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

አንገር ጉቲን አማርኛም አፋን ኦሮሞም የሚነገርባት ከተማ ስለሆነች የወራቱ ስም በሁለቱም ቋንቋ ቢገባ መልካም ነው፤ መስከረም ከተባለበት ጎን ፉልባና ይጻፍ። ሥራው ጥቂት መስመር ብቻ ይጨምራል፣ ጠቃሚነቱን ግን በእጥፍ ያሳድገዋል። ስክሪፕቱም በሚሞሪ ካርድ ወይም በብሉቱዝ ለጎረቤት ይድረስ፣ ሌላውም እያሻሻለ ለሦስተኛ ያስተላልፈው። ከመሰጠቱ በፊት ግን በጳጉሜ 6 ይፈተን፤ ብዙ የቀን መቁጠሪያ የሚሳሳተው እዚያ ነው። ያለፈው ጳጉሜ 6 በ2015 ዓ.ም. ነበር፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው በ2019 ዓ.ም. ይውላል።