የሹፌር እግር

ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ ሌጋሲዮን ወይም ወደ ሽሮ ሜዳ ተሳፋሪ ጭኖ በሚወርድ ነባር ሹፌር ላይ አብልጬ የማደንቀው ቀኝ እግሩን ነው። ተራራው 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በዚያ ቁልቁለት ዓይን መንገዱን ሲያይ እግር ፍሬኑን ያዳምጣል።

ፔዳሉ ለስልሶ ጠልቆ ከገባ ጥርጣሬው ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል፤ ፈልቷል ወይም አየር ገብቶበታል። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለ የጋለው የፍሬን ሸራው ነው። መሪው ወደ አንድ ጎን ከሳበ የግራና የቀኝ ጎማ ፍሬኖች እኩል አልያዙም። የእሽቅድምድም ነጂዎችም የሚያነቡት እነዚህኑ ምልክቶች ነው፤ እነሱ ግን ሲጠራጠሩ ወጥተው የሚቆሙበት ቦታ አላቸው፣ ተሳፋሪም አልጫኑም።

ዘይቱ ተንኮለኛ ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያስገድዳል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ደህና የነበረ ፍሬን ቁልቁለት ላይ የሚከዳው በዚህ ነው፤ ጋራዥ ቆሞ የተፈተሸ መኪናም ይህን አያሳብቅም። ነባሩ ሹፌር ገና ከላይ ሳለ ከባድ ማርሽ ያስገባና ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተው ዳር ይይዛል፣ ተሳፋሪው (እኔን ጨምሮ) ቢያጉረመርምም።

ይህ እግር ባይኖር ብልሽቱ መጀመሪያ የሚታወቀው መታጠፊያው ላይ ነበር። መካኒኩም ይጠቀማል፤ «ሲግል ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል» ከተባለ ጎማ ከመፍታቱ በፊት ዘይቱን ያያል።