የመሪው መጽሐፍ
(ስለ አልቫሬዝ የተራራ ጉዞና ስለ ጎደለው ጥራዝ)

ምን አለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። ሌላው ሰፈር «አበቃለት» ብሎ የጣለው ቆርቆሮ ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ ጫማ ሆኖ የሚነሣበት የመርካቶ ተራ መሆኑን ለአንባቢያችን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። አሁን የምንጽፍበት መጽሐፍም የተገኘው ከዚያው ነው። ሦስት ሆነን የምድጃ ሽቦ ፍለጋ ወርደን ነበር (ይህን የመኝታ ቤቱ ኃላፊ አያንብብብን)። ታዲያ በተጣመመ ምስማርና በአሮጌ ቁልፍ ክምር መካከል ጀርባው የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ አየን። ገለጥ ብናደርገው የቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የኢትዮጵያ ጉዞ ሆኖ ተገኘ። ቤኪንግሃምና ሃንቲንግፎርድ የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1961 በሁለት ጥራዝ ካሳተሙት የእንግሊዝኛ ትርጉም አንደኛው ጥራዝ ብቻ ነበር።

«እናታችን፣ ይኼስ ስንት ነው?» አልናቸው ሻጯን።

«ብቻውን ነው እንዴ? ወንድሙን ፈልጉና ሁለቱን ውሰዱ እንጂ፤ አንድ እግር ጫማ ማን ይገዛል?» አሉን። ቢሆንም አንዱን እግር ገዛነው።

መጽሐፉን ለማያውቁ ጥቂት እንበል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንሰጠው። የፖርቱጋል መልእክተኞች በሮድሪጎ ዴ ሊማ መሪነት በሚያዝያ 1520 ምጽዋ ወረዱ። ቀደም ሲል ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ልካው የነበረው ማቴዎስ አብሯቸው ቢመለስም አገሩ በገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደብረ ቢዘን አካባቢ ሞተ። መልእክተኞቹ ከዚያ በትግራይ፣ በአንጎትና በአማራ ተራሮች ላይ ታች ሲሉ ከርመው ከዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር የደረሱት በጥቅምት ነው። ስድስት ወር ሙሉ በበቅሎና በእግር ማለት ነው። አገሩን ለቀው የወጡት በ1526 ሲሆን፣ የመልእክቱ ቄስ አልቫሬዝ ያየውን የጻፈበት መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ።

እንደ ሥነ ጽሑፍ ብንመዝነው ምን ይወጣዋል? መጀመሪያ የምናመሰግንለት ነገር ዓይኑን ነው። ይህ ሰው የሚያይ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ዓምድ ይቆጥራል፣ ርዝመትና ወርድ ይለካል። አንበጣ ሲወርድ «ብዙ አንበጣ መጣ» ብሎ አያልፍም፤ ሰማዩ እንዴት እንደተለወጠ፣ ሕዝቡ ምን እንዳለ፣ እርሱም ምህላ እንዴት እንዳወጣ ይነግረናል። ይምርሐነ ክርስቶስን በዋሻው ውስጥ አይቶ ጽፏል። ላሊበላ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ቆጠራና ልክ አልበቃ አለው። አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ከዘረዘረ በኋላ ከዚህ በላይ ብጽፍ ማንም አያምነኝም ብሎ ይሰጋና የጻፈው እውነት ለመሆኑ በእግዚአብሔር ስም ይምላል። አንድ ጸሐፊ ቃል ሲያልቅበት እንደዚህ በግልጽ የሚናገርበት ገጽ ብዙ አላየንም። ዛሬ «ቃላት አይገልጹትም» ብለን ሦስት ገጽ ለምንገልጽ ወጣት ደራሲዎች ጥሩ ትምህርት ነበር።

ሁለተኛው ነገር በዘመን የመጣ ነው እንጂ የደራሲው ችሎታ አይደለም። የጥንት ፍርስራሽ ፍለጋ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ የሚጽፈው ስለ ቀረው ነው። አልቫሬዝ ግን ብዙውን ያየው ፍርስራሽ ሳይሆን ነው። የዐፄዎቹን መካነ ሥላሴ ቆሞ አይቶ ጽፏል፤ በ1531 በጦርነቱ ጊዜ ተቃጠለ። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ያ ቤተ ክርስቲያን አመድ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። የጻፈው የጉዞ ትዝታ ሳያስበው የሙት ዓመት መታሰቢያ ሆነ ማለት ነው። አንባቢ ይህን እያወቀ ሲያነብ ያ አሰልቺ የሚመስለው የዓምድ ቆጠራ ሆድ ያባባል።

እስከዚህ ምስጋናው ነው። አሁን ወደ ጠባችን እንምጣ።

ጠባችን ስለ መሪው ነው። ንጉሡ መልእክተኞቹን መንገድ እንዲመራቸው አንድ መነኩሴ ሰደደላቸው። ከዚያ በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ ሸክሙ ሲዘገይ ጥፋቱ የመነኩሴው፣ መንገዱ ሲከፋ የመነኩሴው፣ ባላገሩ ሲቆጣም የመነኩሴው ነው። ገጽ ተገልጦ ገጽ ሲተካ ሰውየው እንደ ክፉ በቅሎ ነጂ እየሆነብን ይሄዳል።

ከመካከላችን አንዱ የላስታ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ አሸተን ማርያምና ወደ አቡነ ዮሴፍ ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ ይስብ ነበር። አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቀልድ አይደለም። እኛ ስለ መነኩሴው ጮክ ብለን እያነበብን ስንስቅ እርሱ ዝም ብሎ ቆየና «እንግዳው ‹ስንት ቀረ?› ሲለኝ ‹ትንሽ ነው፣ ደርሰናል› እለው ነበር። ውሸታም ነው ብሎ ደብተሩ ላይ ሳይጽፈኝ አልቀረም። ግን ሦስት ሰዓት ይቀራል ብለው እዚያው አይቀመጥብኝም?» አለን። ከዚያ መጽሐፉን ከእጃችን ወሰደና ስለ ሸክሙ የተጻፈውን ቦታ ደግመን እንድናነብ አደረገን።

ደግመን ስናነብ ነገሩ ሌላ ሆነ። እንግዶቹ ለንጉሡ ያመጡት ስጦታ መድፍ፣ የዓለም ካርታ፣ ኦርጋንና ቁንዶ በርበሬ ሳይቀር ነው። ኦርጋን በላስታ ገደል! ይህን የሚሸከመው በንጉሥ ትእዛዝ የየአገሩ ባላገር ነው። ባላገሩ ደግሞ የሚሸከመው እስከ አገሩ ወሰን ብቻ ነው፤ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ያወርደዋል፣ የሚቀጥለው አገር ሰው መጥቶ እስኪያነሣው ዕቃው ሜዳ ላይ ይቆያል። መሪው እንግዲህ በየወሰኑ አዲስ ተሸካሚ ማውጣት፣ ማደሪያና እራት መጠየቅ፣ እምቢ ያለውን ማስፈራራት ሥራው ነበር። አልቫሬዝ «ዘገየን» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፈው ቀን ለመነኩሴው ሲለፋበት የዋለ ቀን ነው።

መነኩሴውን ጻድቅ ልናደርገው ግን አልተነሣንም። ሰው ያስገርፍ ነበር። በአንድ ስፍራ ነገሩ ከሮ ባላገሩ በእንግዶቹም በመሪውም ላይ ድንጋይ አዘነበ። አልቫሬዝ ይህን ሲተርክ ያለው ከድንጋዩ በታች ነው፤ ከዚያ ሆኖ ድንጋዩን እንጂ ወርዋሪውን አያይም። የላስታው ጓደኛችን ግን «የማን ማሳ ላይ ሰፍረው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እኛ ይህን ጥያቄ ስናነብ አላሰብነውም ነበር።

አሁን የነገሩ ቁም ነገር መጣ። ያ መነኩሴ ማን ነው? ጸጋ ዘአብ ነው፤ የአውሮፓ መጻሕፍት ስሙን «ዛጋዛቦ» እያሉ ያበላሹት። ከአልቫሬዝ ጋር የልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆኖ ፖርቱጋል ሄደ፤ እዚያም ከአሥር ዓመት በላይ ተቀመጠ። የሊዝበን ሊቃውንት ሃይማኖቱን ሲመረምሩት፣ ቅዱስ ቁርባን ሲከለክሉት፣ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ እንደ ክርስቲያን ሳይቆጥሩት ኖረ። እርሱም በ1534 የኢትዮጵያን እምነትና ሥርዓት የሚያስረዳ ጽሑፍ ጨረሰ፤ በዚያም ውስጥ ስለደረሰበት በደል ሳይሸሽግ ተናገረ። ዳሚያኖ ዴ ጎይስ የተባለው ፖርቱጋላዊ ሊቅ ወደ ላቲን መልሶ በሉቨን ከተማ አሳተመለት። መቼ? በ1540! ማለትም የአልቫሬዝ መጽሐፍ በወጣበት በዚያው ዓመት።

ልብ በሉ። ተመሪው ስለ መሪው የጻፈው መጽሐፍና መሪው ስለ ራሱ የጻፈው መጽሐፍ በአንድ ዓመት ወጡ። የተመሪው ሊዝበን ላይ ለንጉሡ መጽሐፍ በሚያትመው ሰው ቤት ታተመ፤ የመሪው ፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሸጥ ተከለከለ። እኛም የኢትዮጵያ ተማሪዎች ከአራት መቶ ሰማንያ ዓመት በኋላ የአልቫሬዝን በየምርምር ጽሑፋችን እንጠቅሳለን፤ የጸጋ ዘአብን ግን ከመካከላችን ስንቱ አንብቦታል? እኛ ሦስታችን አላነበብነውም ነበር። መኖሩን ያወቅነው ይህን ሂስ ለመጻፍ ስንንደፋደፍ ነው። ያ ክልከላ እስከ ዛሬ እየሠራ ይመስላል።

የአልቫሬዝ መጽሐፍ ትልቁ ጉድለት ብለን የምንጠራውም ይኸው ነው። አብሮት የተጓዘው ሰው ራሱ የሚያስብና የሚጽፍ ሰው መሆኑ ከሐተታው አይታወቅም። ሁለት ካህናት፣ ሁለቱም ጸሐፊዎች፣ ለወራት በአንድ ገደል ሲወርዱ በሃይማኖት ነገር ስንት ተከራክረው ይሆን? መጽሐፉ ከዚያ ይልቅ ስለ በቅሎ የሚለው ይበዛል።

ነገሩ የእኛ ተራሮች ብቻ አይደለም። በፔሩ የኢንካዎችን ማቹ ፒቹ ለዓለም አስታወቀ የሚባለው አሜሪካዊው ሃይረም ቢንግሃም በ1911 ወደ ተራራው የወጣው ሜልቾር አርቴጋ በሚባል የአካባቢ ገበሬ መሪነት ነው። ላይ ሲደርስ ደግሞ በፍርስራሹ መካከል የሚያርሱ ቤተሰቦች አገኘ፤ ግንቦቹን ዞሮ ያሳየውም አንድ ትንሽ ልጅ ነው። «የጠፋ ከተማ» የሚለው ስም ግን ጸና። ለማን ነው የጠፋው? እዚያው ድንች የሚተክለው ሰው መቼ ጠፋበት? ከዚህ አንጻር አልቫሬዝ ይሻላል፤ ላሊበላን አገኘሁ አላለም፣ አየሁ ነው ያለው።

ራሳችንንም ሳንነካ አንለፍ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓንን ጎብኝተው ጽፈውልናል፤ የዓባይን በረሃ መንገድ የሚያውቅ ልብ ወለድም በሐዲስ ዓለማየሁ እጅ አግኝተናል። ነገር ግን ይህ የእኛ ትውልድ የሰሜንን ተራሮች፣ የይምርሐነ ክርስቶስን የጥድ ደን፣ የላስታን ገደል በእግሩ ሄዶ የጻፈው ምን አለው? ብዙዎቻችን ተራራውን የምናውቀው በፎቶግራፍ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በየተራ የተነሡት ጦርነቶች መንገዱን እንደዘጉ እናውቃለን፤ የጓደኛችን የሰፈር ልጆችም እንግዳ አጥተው በየከተማው ተበትነዋል። ጓደኛችን «ጻፈው እንጂ!» ስንለው «ማን ያነበዋል?» ይላል። ይህ መልስ እንደ ሂስ ጸሐፊ አሳፍሮናል፤ ምክንያቱም እውነቱን ነው።

በዚያው ቀን ከምን አለሽ ተራ ስንወጣ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ተሸካሚ በጀርባው ላይ የበርሜል ቆርቆሮ ደርቦ «ዞር በሉ!» እያለ መጣብን። ሦስታችንም ግድግዳ ላይ ተለጠፍን። መጽሐፉን የያዘው ጓደኛችን ሰውየው እስኪርቅ ቆሞ አየውና ከጀርባው «አይዞህ ወንድሜ!» አለው። እኛ እንኳን መኪና ነው ብለን ነበር የሸሸነው።

እንግዲህ የጎደለን ሁለተኛው ጥራዝ ነው። ጸጋ ዘአብ መልእክተኛ ሆኖ ከልብነ ድንግል የሚሰናበትበትና ከምጽዋ በመርከብ የሚሄድበት ክፍል እዚያ ነው ያለው። ሻጯ «ወንድሙ ከመጣ አስቀምጥላችኋለሁ» ብለውን ነበር፤ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሰን አላገኘነውም። ከአንባቢያን አንዱ በዚያ ተራ ሲያልፍ፣ በቁልፎቹ ክምርም ሆነ በጠርሙሶቹ በኩል፣ ጀርባው የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ካየ ገዝቶ ያምጣልን፤ ዋጋውን እንተካለን። የላቲኑን የጸጋ ዘአብ ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ካለ ደግሞ ለሚቀጥለው እትም አንድ ምዕራፍ እንኳ ወደ አማርኛ ይመልስልን። ስቴንስሉን እኛ እንጽፋለን።