ሕመም አስታጋሹ ሕመም ሲያባብስ፤ ስለ ሬሚፌንታኒል የተደረገ አንድ ጥናት ሲመረመር

ከኦፒየም ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ሕመምን ያባብሳሉ ቢባል፥ ነገሩ እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል። ይሁን እንጂ እነዚህ መድኃኒቶች፥ ይልቁንም በቀዶ ሕክምና ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ሬሚፌንታኒል፥ መጠናቸው ሲበዛ በሽተኛው ከነቃ በኋላ ሕመም እንዲጠናበት ሊያደርጉ ይችላሉ። ስለ መከላከያው ሲነገር ዦሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ጥናት ብዙ ጊዜ ስለሚጠቀስ፥ እርሱን እንመረምራለን።

አስቀድሞ በ2000 ጊኛርና ባልደረቦቻቸው የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 50 በሽተኞች ተመልክተው ነበር። ብዙ ሬሚፌንታኒል የተሰጣቸው በ24 ሰዓት ውስጥ 59 ሚሊግራም ሞርፊን ሲወስዱ፥ ጥቂት የተሰጣቸው የወሰዱት 32 ነው። ነገር ግን ሞርፊን አብዝቶ መፈለግ ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይ ሰውነት መድኃኒቱን ለምዶታል፥ ወይ የሕመም ስሜቱ ራሱ ጨምሯል። በመጀመሪያው መጠን ቢጨመር ሕመሙ ጋብ ይላል፤ በሁለተኛው ግን ሊብስ ይችላል።

የ2005ቱ ጥናት ብልጫ ይህን ለመለየት መድከሙ ነው። ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 75 በሽተኞች በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ክፍል ለአንድ ኪሎ ክብደት በደቂቃ 0.05 ማይክሮግራም፥ ሁለተኛው 0.40፥ ሦስተኛው 0.40 ከኬታሚን ጋር ተሰጠው። ቁስሉ አጠገብ ያለው ቆዳ በቀጭን ክር ሲነካ፥ የሁለተኛው ክፍል ስሜት ከሌሎቹ ይበልጥ የተቆጣ ሆኖ ተገኘ፤ የሞርፊን ፍላጎቱም በዛ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ «ኬታሚን ጨምሩ» የሚል ብቻ ነው። ኬታሚን ኤንኤምዲኤ የተባለውን የነርቭ ተቀባይ ስለሚዘጋ ምክሩ መሠረት አለው፤ በአገራችንም የታወቀ መድኃኒት ስለ ሆነ ለመቀበል ይቀላል። ሁለት ነገር ግን እንነቅፋለን። አንደኛ፥ ኬታሚን ራሱ ሕመም ያስታግሣል፤ ለ48 ሰዓትም ስለ ተሰጠ፥ የሞርፊኑ ማነስ ብቻውን የመከላከል ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ፥ ጥቂት ሬሚፌንታኒል የተሰጠው ክፍል ያለ ኬታሚን ከሦስተኛው ጋር ተመሳሳይ ውጤት አግኝቷል። እንግዲህ የመጀመሪያው መከላከያ መጠኑን መቀነስ ነው፤ ኬታሚን ሁለተኛ ነው።

ፍሌቸርና ማርቲኔዝም በ2014 27 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፥ ማስረጃው በአብዛኛው የሬሚፌንታኒል ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ ይህን ትምህርት ምክንያት አድርጎ፥ ከቀዶ ሕክምና ወጥቶ በሕመም ለሚቃትት ሰው ሞርፊን መንፈግ ስሕተት ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለመጠኑ ነው እንላለን።