ከባንኮኒው ወዲያ፦ የአዋሽ ሰባት ኪሎ የሱቅና የቡፌ ትዝታዎች

የትናንሽ ከተሞች ነዋሪዎች ስለጠፉ ሱቆች፣ ሻይ ቤቶችና ጠጅ ቤቶች የሚያወጉት ትዝታ እንደ ተራ የጊዜ ማሳለፊያ ሲታለፍ ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህ ወግ የራሱ አጀማመር፣ የራሱ ቅደም ተከተልና የራሱ ገጸ ባሕርያት ያሉት የትረካ ዓይነት ነው፤ በመሆኑም እንደ ማናቸውም የቃል ሥነ ጽሑፍ ሊመሰገንም ሊነቀፍም ይገባዋል። ከእነዚህ ከተሞች አንዷ በሐዲድ ዳር የተቆረቆረችው አዋሽ ሰባት ኪሎ ናት።

ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያድራል። የአዋሽ ንግድ የተወለደው ከዚህ አዳር ነው። ለረጅም ዘመን በግሪኮች እጅ የቆየው የጣቢያው ቡፌ፣ በዙሪያውም የበቀሉት ሱቆች ሁሉ የቆሙት በጊዜ ሰሌዳ ላይ ነበር።

ከተማዋን በቃል የሚተርክ ሽማግሌ እንደ ታሪክ ጸሐፊ ከዓመተ ምሕረት አይጀምርም፤ ከጣቢያው በር ይነሣና በእግሩ የሚሄድ ይመስል ከሱቅ ወደ ሱቅ ይሻገራል። የትረካው ትልቁ ውበት እዚህ ላይ ነው። ዐረብ ቤቱ ሲደረስ የላምባው ሽታ ይመጣል፤ በወረቀት የተጠቀለለው ስኳር ይመጣል፤ ለተላከው ሕፃን በምራቂ የምትሰጠው ከረሜላ ትመጣለች። ቀጥሎ በረንዳው ላይ ሲንገሩን የሚረግጠው ልብስ ሰፊ፣ ከዚያም ብርሌው የሚደረደርበት ጠጅ ቤት ይከተላሉ። ጎበዝ ተራኪ ደግሞ የዱቤ መዝገቡን አይረሳም። የባቡር ሠራተኛው ወር ሙሉ በዱቤ ኖሮ ደመወዝ ሲቀበል ዕዳውን እንዴት እንደሚያወራርድ፣ ባለሱቁም የማን ቤት ስንት አፍ እንደሚመግብ ከመዝገቡ እንዴት እንደሚያውቅ ሲነግረን፣ የአንድን ሰፈር ኑሮ ከብዙ የጥናት ወረቀት አብልጦ ያሳየናል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ጌጥ አይደለም፤ የታሪኩ አጥንት ነው።

ነቀፌታው የሚጀምረው ይህ ሁሉ ከየት ሆኖ እንደሚታይ ስንጠይቅ ነው። ዘወትር ከባንኮኒው ወዲህ፣ ከገዢው በኩል ነው። ባለቤቱ በስሙ፣ በቅጽል ስሙና በአለባበሱ ተሥሎ ይወጣል። ሌሊት ተነሥቶ ዱቄቱን የሚያቦካው፣ ጌሾውን የምትወቅጠው፣ በዚያ ሐሩር ውሃ የሚያመላልሰው ግን የለም። ከሁሉም የሚያሳዝነው በጣቢያው መድረክ ላይ ቆመው የሚነግዱት ሴቶች መቅረታቸው ነው። ባቡሩ በቆመባት አጭር ጊዜ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦና የግመል ወተት ወደ ፉርጎው መስኮት እየዘረጉ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ እየተከራከሩ፣ ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ መልስ ቆጥረው መስጠት ነበረባቸው። ሒሳቡ ፈጣን ነው፤ ከተሳሳቱም ገንዘቡ ከነተሳፋሪው ይሄዳል። ይህ ንግድ ሰሌዳ አልነበረውም፤ በር አልነበረውም፤ ስለዚህ ስምም አልወጣለትም። ትዝታ የሚይዘው በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ነውና ሴቶቹ በተረኩ ውስጥ «ሻጮች» ከመባል አላለፉም።

ሁለተኛው ጉድለት በሤራው ላይ ይታያል። ተረኩ ባቡሩ ቆመ፣ ከተማውም ሞተ ብሎ ያበቃል። እንባ ያስመጣ ይሆናል እንጂ እውነቱን አይዝም። በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ሊቶሪና ገብቶ ጉዞውን ሲያሳጥረው የአዋሽ አዳር ያን ጊዜውኑ መሳሳት ጀመረ፤ አልጋ አከራዩን የጎዳው የባቡሩ መፍጠን እንጂ መቆም አይደለም። ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ በአፋር በረሓ ሲዘረጋ ደግሞ ንግዱ ጀርባውን ለጣቢያው፣ ፊቱን ለአስፋልቱ ሰጠ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ ከየከተማው አያሌ የውጭ አገር ነጋዴዎች ሄዱ፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ምክንያት የአሰብ መንገድ ሲዘጋም ካምዮኖቹ ወደ ጅቡቲ ዞሩ፤ መንገዳቸው ግን አሁንም በአዋሽ ነው። አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን ሲያቆም የከተማው ንግድ ከሐዲዱ ከራቀ ሰንብቷል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ የራሱ ሐዲድና የራሱ ጣቢያዎች አሉት። ይህን ሁሉ በአንድ የስንብት ፊሽካ መጠቅለል የተራኪ ስንፍና ነው። የጣፈጠ ትዝታ መራራውን መዝለሉም ሌላው ነው፤ በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ ባቡር ተገልብጦ ከ400 የሚበልጥ ሰው አልቋል። ስለ ቡፌው አበባ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ይህን አይሰማም።

የመድረክ ሰዎቻችን ድርሻ በዚህ ረገድ የሚያኮራ አይደለም። ዐረቡ ባለሱቅ ወይም ግሪኩ ባለቡፌ በቴአትር ውስጥ ሲገባ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ አማርኛ መስበርና ማሳቅ ነው። ተመልካቹ ይሥቃል፤ በዱቤ መዝገቡ ላይ የተጻፈው የጠና ጉዳይ፣ ማለትም መተማመኑና ጭንቀቱ፣ ያልተነካ ይቀራል። አንድ ባለሱቅ ዕዳውን ሳይሰበስብ ከተማ ለቆ ሲሄድ መዝገቡን ምን ያደርገዋል? ያቃጥለዋል? ለጎረቤት ያስረክባል? አንድ ገቢር ሙሉ የሚያስኬድ ግጭት እዚህ ውስጥ ተኝቷል፤ የተሰበረው አማርኛ ግን ከአንድ ሣቅ በላይ አያስኬድም።

ተማሪዎቹን ትዝታ እንዲሰበስቡ የሚልክ መምህርም ሆነ ከዚህ ተነሥቶ ድርሰት የሚጽፍ ከያኒ ጥያቄውን ቢለውጥ መልሱ ይለወጥለታል። ቁልፉን ማን ይይዝ ነበር? ውሃው ከየት ይመጣ ነበር? ሳይሸጥ የቀረው ወተት ማታ ምን ይሆን ነበር? ለእነዚህ መልስ የሚሰጡ ሰዎች ገና አሉ። የመጨረሻዎቹ ባቡሮች ሲመላለሱ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው በመስኮት ይሸጡ የነበሩት ሴቶች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ጠያቂው ግን አሁንም በቀጥታ የሚሄደው ወደ ቡፌው በር ነው።