ስደተኛው የውድድር ርዕስ ነው ወይስ ተወዳዳሪ?

ቤት መንደፍ የሚወዱ ተማሪዎች «የአርክቴክቸር ውድድር ከየት ይገኛል?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁናል። ማግኘቱስ ቀላል ነው። በስለርንና አርክዴይሊን የመሳሰሉ የኢንተርኔት መድረኮች ከየአገሩ የሚወጡትን ውድድሮች ሰብስበው ያቀርባሉ፤ ለማየትም ገንዘብ አይጠይቁም። ቅር የሚለን አቀራረባቸው ነው። ፊት ለፊት የሚታየው ርዕሱ፣ ማብቂያ ቀኑና አንድ ያማረ ሥዕል ነው። እኛ ግን ማወቅ የምንፈልገው ሌላ ነው። መመዝገቢያው ስንት ነው? በምን ይከፈላል? ያሸነፈው ንድፍ ይሠራል ወይስ ወረቀት ላይ ይቀራል? መልሱን ለማግኘት የውድድሩን መመሪያ አውርዶ እስከ መጨረሻው ገጽ ማንበብ ግድ ነው።

በተለይ «የሐሳብ ውድድር» የሚባለውን ልብ በሉ። የሐሳብ ውድድር ማለት ማንም ሊሠራው ቃል ያልገባለት ንድፍ ማለት ነው። የስደተኛ መጠለያ፣ የአደጋ ጊዜ ትምህርት ቤት፣ የድንኳን ከተማ ከሚሉት ርዕሶች ብዙዎቹ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። መመዝገቢያቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ50 ዩሮ በላይ ነው፤ ያውም በባንክ ካርድ። ካምፕ ውስጥ ማን ቪዛ ካርድ አለው? ለተማሪ ቅናሽ አለ ሲሉም የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ይጠይቃሉ። እንግዲህ ስለ ድንኳን የሚወዳደረው ድንኳን ውስጥ አድሮ የማያውቅ ሰው ይሆናል ማለት ነው። ይህ አያሳዝንም?

ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ግን ተገቢ አይደለም። አርክቴክቸር ፎር ሂዩማኒቲ የተባለው ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ኮሶቮ ለሚመለሱ ተፈናቃዮች ጊዜያዊ ቤት እንዲነደፍ ውድድር ሲያወጣ ከ200 በላይ ንድፎች ደርሰውታል። እኛን የበለጠ የማረከን ግን በ2009 ያወጣው የመማሪያ ክፍል ውድድር ነው። ነዳፊዎቹ ከእውነተኛ ትምህርት ቤት ጋር ተጣምረው፣ ተማሪውንና መምህሩን ጠይቀው እንዲነድፉ ተጋበዙ። ያሸነፈውም በአሜሪካ አይዳሆ ለሚገኝ ትምህርት ቤት የተነደፈው ነበር። ድርጅቱ በ2015 በገንዘብ እጦት ቢዘጋም፣ ተጠቃሚውን ከነዳፊው ጋር ማስቀመጡ ዛሬም ልንጠይቀው የሚገባ ነገር ነው። በ2016 የወጣው የሆላንዶቹ የስደተኞች ንድፍ ውድድርም ለአምስት አሸናፊዎች ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዩሮ ሰጥቷል፤ ትኩረቱ ግን በከተሞች ያሉ ስደተኞች ላይ ነበር። ከዚሁ ከአካባቢያችን ካሎቤዬ ላይ ደግሞ ዩኤን-ሃቢታት መጠለያ የሚነድፍ ሰው ሲፈልግ በ2017 ጃፓናዊውን ሺገሩ ባንን አሠማራ እንጂ ውድድር አላወጣም። ባን ትልቅ ባለሙያ ነው፣ አንክድም፤ ቢሆንም በዚያ መንገድ አንድ የካምፕ ወጣት ንድፉን የሚያስገባበት በር የለም።

ውድድርን የምንወደውም በዚህ ምክንያት ነው። ዩኔስኮ በ1956 ያወጣውና የዓለም አርክቴክቶች ኅብረት የሚከተለው ደንብ ንድፉ ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ለዳኞች እንዲቀርብ ያዛል። ዳኛው ፓስፖርት አያይም፣ የስደተኛ ካርድ አያይም፤ መስመሩን ብቻ ያያል። እንዲህ ያለ ዕድል በሌላ ቦታ ስንቴ ያጋጥመናል? ታዲያ ዳኛው ፊት ከመድረሳችን በፊት የክፍያው ገጽ ከመለሰን፣ ስም መደበቁ ለኛ ምኑ ነው?

መምህራን ሆይ፣ ለመክፈል ባይቻልም መመሪያውን አትጣሉት። የቦታውን ፕላን፣ የክፍሎቹን ስፋትና የዳኞቹን መመዘኛ ይዞ ስለሚመጣ ያለ ወጪ የተገኘ የክፍል ሥራ ነው። ክፍያ የሌለበት ከተገኘ ደግሞ በቡድን ሁኑና ግቡበት፤ አንዱ ይሳል፣ አንዱ እንግሊዝኛውን ያርም። ሰዓቱን ግን አደራ! 23፡59 ጂኤምቲ ማለት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8፡59 ነው፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም። ስለዚህ ፋይሉ ከዋዜማው ቀን ቀትር በፊት ይላክ።

እስከዚያው ግን ለአዘጋጆቹ እንግሊዝኛ የምትችሉ ጻፉላቸው። ካርድ የሌለው ሰው በምን ይክፈል? ዩኒቨርሲቲ ያልገባ የካምፕ ተማሪ «ተማሪ» ይባላል ወይስ አይባልም? መልስ የመጣላችሁ እንደሆነ አምጡልንና በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።