ከዋጋው የማያንስ ቁጥር

ቶሮንቶ ከተማ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ካላቸው ቡና ቤቶች በአንዱ ተሰልፌ ተራዬን ስጠብቅ ዓይኔ ሰሌዳው ላይ ያርፋል። የመጠጡ ስም፣ ዋጋው፣ ከዋጋው ጎን የካሎሪው ቁጥር። ቁጥሩን አይቶ ሐሳቡን የሚቀይር አለ፣ እንዳላየ የሚያልፍም አለ። እኔን የሚይዘኝ የፊደሉ መጠን ነው። የካሎሪው ቁጥር ከዋጋው አያንስም፤ አልደበዘዘም፤ ጥግ ላይም አልተወሸቀም። ነጋዴ፣ ደንበኛው ባያይበት የሚመርጠውን ነገር በገዛ ሰሌዳው ላይ በዋጋው ልክ የሚጽፈው በፈቃዱ አይደለም። በጥንቃቄ የተሰፋ የሕግ ዓረፍተ ነገር አስገድዶት ነው።

ለዚያ ስፌት መጀመሪያ መርፌና ክር ያነሡት ወይዘሮ ፍራንስ ዤሊና ናቸው። ከቶሮንቶ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ሰድበሪ ከተማን ከሚያዋስነው ኒክል ቤልት ከሚባል የምርጫ ክልል እ.ኤ.አ. በ2007 ተመርጠው ወደ ኦንታሪዮ ምክር ቤት መጡ። ሙያቸው ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ከመመረጣቸው በፊት ሰድበሪ ውስጥ የማኅበረሰብ ጤና ማእከል ይመሩ ነበር። የጎበጠ ወገብ ሲያቃኑ የኖሩ እጆች ወደ ሕግ ሥራ ሲገቡ ያንኑ ትዕግሥት ይዘው ነው የገቡት።

የምክር ቤቱን ሕንፃ ኩዊንስ ፓርክ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በ1893 የተከፈተ፣ በቀላ ድንጋይ የተሠራ ግዙፍ ቤት ነው። አዳራሹ ውስጥ ከእንጨት የተቀረጹ ሁለት ወፎች አሉ። ከመንግሥት ወንበሮች ትይዩ ጉጉት አለች፤ ሚኒስትሮቹ በጥበብ እንዲሠሩ ልታሳስብ። ለእኛ ጉጉት የሟርት ወፍ ናት፤ እዚህ ግን የጥበብ ምልክት አድርገዋታል። ከተቃዋሚዎቹ ትይዩ ያለው ንስር ነው፤ ዓይናቸውን ከመንግሥት ላይ እንዳይነቅሉ። ዤሊና ከተመረጡ ጀምሮ የተቀመጡት በዚህ ንስር ፊት ነው። ፓርቲያቸው አዲስ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ኦንታሪዮን ያስተዳደረው ከ1990 እስከ 1995 ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ የሚኒስትር ወንበር አልያዙም።

እንግዲህ ሥልጣን የሌለው የምክር ቤት አባል ሕግ የሚያወጣው እንዴት ነው? አባላት በግል የሚያቀርቡት ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የምክር ቤቱ ዘመን ሲያበቃ አብሮ ይሞታል። ዤሊና የምግብ ቤት ካሎሪ ረቂቅን በ2009 አቀረቡ። ሞተ። እንደገና አቀረቡ። በመጨረሻ የሊበራል መንግሥት ሐሳቡን በራሱ ሰፊ ረቂቅ ውስጥ ከተተው፤ በምክትል ሚኒስትር ደረጃ በነበሩት በዲፒካ ዳመርላ አቅራቢነት በሜይ 2015 ጸደቀ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ኦንታሪዮ ከካናዳ ክፍለ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቆዳ በሚያጠቁር የጨረር አልጋ እንዳይጠቀሙ የሚከለክለው የ2013 ሕግም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ እሳቸው ደጋግመው ጠረቡት፣ መንግሥት ወስዶ አቆመው። ሌላው ስሙን ይውሰድ፣ ሥራው ይቁም ማለት በፖለቲካ ዓለም የተለመደ ጠባይ አይደለም።

አሁን ወደ ስፌቱ ቀረብ ብለን እንይ። ሕጉና ደንቡ ቁጥሩ ከምግቡ ስም ወይም ከዋጋው አጠገብ ይሁን ይላሉ፤ በመካከል የሚጋርድ ነገር አይኑር፤ የፊደሉ ዓይነትና መጠን ከስሙ ወይም ከዋጋው ጋር አንድ ይሁን፤ ጎልቶ መታየቱም እኩል ይሁን። እያንዳንዱ ቃል አንድ ቀዳዳ ይደፍናል። «ይጻፍ» ብቻ ቢባል ባለሱቁ ከበሩ ኋላ በወረቀት ይለጥፈዋል። «አጠገብ» ብቻ ቢባል በጉንዳን ፊደል ይጽፈዋል። መጠኑ እኩል ይሁን ብቻ ቢባል ነጭ ላይ በነጣ ግራጫ ያሰፍረዋል። የደንቡን የመጨረሻ ቃላት ያሰፈሩት የሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ጨርቁን ያመጡትና ልኩን ያሳዩት ግን ዤሊና ናቸው።

ግዴታው የሚይዘው ኦንታሪዮ ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ ዳንፎርዝ ላይ አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት ያላት እናት ለክትፎዋና ለሽሮዋ ላቦራቶሪ መክፈል የለባትም። ቁጥር ለማስላት አቅሙ ያለውን ከሌለው የለየ መስመር ነው።

የደንቡ ጸሐፊዎች የሠሩትን መልሰው ማረማቸውም ደስ ይለኛል። ሰሌዳው ላይ ከቁጥሮቹ ጋር የሚጻፍ ማብራሪያ አለ። በመጀመሪያው ዓመት ስለ አዋቂ ብቻ ነበር የሚናገረው፤ በቀን ከ2,000 እስከ 2,400 ካሎሪ ይል ነበር። ከ2018 ጀምሮ ግን 13 ዓመት ለሞላውና ከዚያ በላይ ላለው በአማካይ 2,000፣ ከ4 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 1,500 ይላል። እናትና ልጅ አብረው የሚቆሙበት ሰሌዳ መሆኑ ትዝ ያለው ሰው ነው ያረመው።

በሕግ ውስጥ የሚቀር ቀዳዳ ምን እንደሚያደርስ የትምባሆ ሕግ ታሪክ አሳይቷል። በ2008 ዤሊና ከገዥው ፓርቲ አባል ከዴቭ ሌቫክ ጋር በጋራ ባቀረቡት ረቂቅ፣ የፍራፍሬና የከረሜላ ጣዕም ያላቸውን ትናንሽ ሲጋሮች የሚከለክል ሕግ በኦንታሪዮ ወጣ። በዓመቱ የፌዴራሉ መንግሥትም ተመሳሳይ ሕግ ሲያወጣ ትንሽ ሲጋር ማለት 1.4 ግራም ወይም ከዚያ በታች የሚመዝን፣ ወይም ማጣሪያ ያለው ነው አለ። ፋብሪካዎቹ ማጣሪያውን አወለቁ፣ ክብደቱን ጥቂት ጨመሩ፤ ጣፋጩ ጣዕም እንዳለ ገበያ ላይ ቀረ። በ2015ቱ የኦንታሪዮ ሕግ አነጋገሩ ተገለበጠ። መነሻው ጣዕሙ ሆነ፤ ከጥቂቶች በቀር ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ ተከለከለ፤ ሜንቶልም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ፣ ካሎሪው ሰሌዳ ላይ በወጣበት በዚያው ቀን።

አገር ቤትም እንዲህ ያለ እጅ አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ከመከልከሉም በላይ፣ የማስጠንቀቂያው ሥዕል የፓኮውን ፊትና ጀርባ 70 ከመቶ ይሸፍን ብሎ በቁጥር ወስኗል። «በጉልህ ይታይ» ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ጉልህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚተረጉመው የሲጋራው ፋብሪካ ይሆን ነበር።

የኦንታሪዮው ስፌት እንከን የለበትም አልልም። ዤሊና ጨውም እንዲገለጽ ጠይቀው ነበር፤ በመጨረሻው ሕግ ውስጥ ግን የገባው ካሎሪ ብቻ ነው። የደም ግፊት በየቤቱ በበዛበት በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ጉድለት ያስቆጫል።

ወይዘሮ ፍራንስ ዤሊና በፌብሩዋሪ 2025 ምርጫ እንደገና አሸንፈው በንስሩ ፊት ተቀምጠዋል። አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቡና ለመግዛት ስትሰለፍ ቀና በልና ስሙን፣ ዋጋውንና ካሎሪውን አስተያይ። ካሎሪው ከስሙም ከዋጋውም አንሶ ካገኘኸው ለከተማው ጤና ጥበቃ ደውለህ የማስታወቅ መብት አለህ።